ሴትሪዚንን ሁለት ዓመት በየቀኑ ወስጄ ሳቆመው ሰውነቴን በላኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጥያቄ (ሹፌር፣ ከሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወገኖች። የምኖረው በሜሪላንድ ነው። የምተዳደረው በሹፌርነት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋሽንግተን ከተማ ሰው አመላልሳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ አለርጂ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። እዚህ በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ግን መጋቢት ሲጋመስ ዓይኔን ያሳክከኝ፣ አፍንጫዬ ያለማቋረጥ ይፈስ፣ ጠዋት ስነሣም አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ በተከታታይ ያስነጥሰኝ ጀመር። ሚያዝያ ላይ ሌሊቱን ደጅ ያደረችው መኪናዬ መስታወት ላይ በጣት ቢጻፍበት የሚነበብ ቢጫ ዱቄት ተኝቶ አገኛለሁ። ጠርጌው ወንበሬ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ዓይኔ በእንባ ይሞላል።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሴትሪዚን የሚባለውን ባለ 10 ሚሊ ግራም ኪኒን እንድሞክር መከረኝ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ በመሆኑ 365 ፍሬ የያዘ ጠርሙስ ገዝቼ በየቀኑ ጠዋት ከቡና ጋር አንድ አንድ መዋጥ ጀመርኩ። በእውነት ትልቅ እፎይታ ስላገኘሁበት ወቅቱ ካለፈም በኋላ፣ በበረዶው ወራት ጭምር፣ ሳላቋርጥ ቀጠልኩበት።

አሁን ግን ያሳሰበኝ ነገር አለ። ባለፈው ወር ከቀትር በኋላ ተሳፋሪ ይዤ ስመለስ አሳምሬ የማውቀውን መውጫ ዝም ብዬ አለፍኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ዓይኔም ክፍት ነበር፤ ሐሳቤ ግን እዚያ አልነበረም። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው አንዲት እናት ከሕፃን ልጇ ጋር ስለነበረች ነገሩ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። በማግስቱ ኪኒኑን ጨርሶ ለማቆም ወሰንኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ምንም ዓይነት ሽፍታ ሳይወጣብኝ መዳፌን፣ ራሴን፣ ጀርባዬንና ቅልጥሜን ይበላኝ ጀመር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳክክ አደርኩ። በአምስተኛው ቀን አልችል ብዬ መልሼ ስውጠው በማግስቱ ጠፋ። ሱስ ሆኖብኝ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ዕድሜዬ 46 ነው። የደም ግፊት ስላለብኝ ለእርሱም መድኃኒት እወስዳለሁ። ወገቤን ሲያመኝና እንቅልፍ ሲነሣኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያህል፣ ከስሙ ኋላ «ፒ ኤም» የሚል የተጻፈበትን የሕመም ማስታገሻ ማታ እወስዳለሁ። አፍንጫዬ ጨርሶ ሲታፈን ደግሞ ባለቤቴ «ዲ» የሚል ፊደል ያለበትን የአለርጂ ኪኒን ገዝታልኝ ነበር፤ እርሱን እስካሁን አልከፈትኩትም። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾምም ኪኒኑን በባዶ ሆድ መውሰድ ይጎዳ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። የምታውቁ ብትመክሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


መልስ (ፋርማሲስት፣ ከቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ የጻፉት ነገር ብዙ ሹፌሮች በልባቸው ይዘው ዝም የሚሉት ጉዳይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

ከማሳከኩ ልጀምር። የደረሰብዎ ነገር ሱስ አይደለም፤ በሐሳብዎ የፈጠሩትም አይደለም። ኤፍ ዲ ኤ የተባለው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ሴትሪዚንን ወይም የቅርብ ዘመዱን ሌቮሴትሪዚንን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲወስዱ ቆይተው በሚያቆሙ ሰዎች ላይ ከባድ ማሳከክ ሊከሰት እንደሚችል አስታውቋል። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ 209 እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች ደርሰውታል። መድኃኒቱን የሚወስደው ሕዝብ እጅግ ብዙ በመሆኑ ነገሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው። ከደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ኪኒኑን ለወራት ወይም ለዓመታት የወሰዱ ነበሩ፤ ማሳከኩም የጀመራቸው ባቆሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲሆን መድኃኒቱን እንደገና ሲጀምሩ አብዛኞቹን ትቷቸዋል። የእርስዎም አካሄድ ከዚሁ ጋር አንድ ነው። ሱስ ቢሆን ኖሮ መጠኑን ጨምር ጨምር ይልዎ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን አንዷ ኪኒን ሁለት አልሆነችብዎትም።

ስለዚህ መልሰው መጀመርዎ ጥፋት አይደለም። መቼና እንዴት እንደሚያቆሙት ግን ከሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። ለሰው ሁሉ የሚሆን የተወሰነ የመቀነሻ ሥርዓት የለም፤ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 5 ዝቅ ማለት፣ ሰውነት ሲቀበለው ደግሞ ቀን እየዘለሉ መውሰድ፣ ከዚያም መተው ነው። ሐኪምዎ ዘንድ ሲቀርቡ ማሳከኩን በዝርዝር ይንገሩ፤ ምክንያቱም ሽፍታ የሌለው ማሳከክ ከጉበት፣ ከኩላሊት ወይም ከእንቅርት ዕጢ ሕመምም ሊመጣ ስለሚችል ቀላል የደም ምርመራ ማድረጉ አይከፋም። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አሁን ወደ መንዳቱ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሂስታሚን በአፍንጫና በዓይን ውስጥ የሚያስነጥሰንና የሚያሳክከን ንጥረ ነገር ቢሆንም በአንጎል ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርገን አንዱ እርሱ ነው። እንደ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉት የቀድሞዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዘልቀው ስለሚገቡ ይህንን ሥራ ያግዱታል። በኋላ የመጡት ሎራታዲን፣ ሴትሪዚንና ፌክሶፌናዲን ወደ አንጎል የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ መጠኑ ግን እኩል አይደለም። በሴትሪዚን የመድኃኒት መግለጫ ላይ እንደተጻፈው 10 ሚሊ ግራም ከወሰዱ አዋቂዎች መካከል 14 በመቶ የሚሆኑት ድብታ ተሰምቷቸዋል፤ መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት መካከል ግን 6 በመቶ ብቻ ናቸው። የአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር አብራሪዎች ሎራታዲንን ወይም ፌክሶፌናዲንን፣ ድብታ እንደማያመጣባቸው አስቀድመው ካረጋገጡ፣ ወስደው እንዲበሩ ሲፈቅድ ሴትሪዚንን ግን አይፈቅድም። ለአውሮፕላን የታሰበው ጥንቃቄ ሰው ለሚያመላልስ መኪናም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንን የምለው «እኔ እንቅልፍ አይሰማኝም» ብለው ለሚተማመኑ ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ በአዮዋ የተደረገ ጥናት ነበር። 40 ሰዎች በመንጃ ማስመሰያ መኪና ላይ ተቀምጠው በተለያየ ጊዜ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ፌክሶፌናዲን፣ አልኮልና አስመሳይ ኪኒን ወስደው ነዱ። ፌክሶፌናዲን የወሰዱ ጊዜ አነዳዳቸው ምንም እንዳልወሰዱ ሰዎች ነበር፤ ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱ ጊዜ ግን አልኮል ከጠጡበት ጊዜም የባሰ ነዱ። ከሁሉ የሚያስፈራው፣ አንድ ሰው ምን ያህል እንቅልፍ እንደተሰማው መናገሩ ምን ያህል ክፉኛ እንደነዳ በትክክል አላመለከተም። እርስዎም ያሉት ይህንኑ ነው፤ ዓይን ክፍት ነበር፣ ሐሳብ ግን እዚያ አልነበረም።

ይህ ደግሞ ወደ «ፒ ኤም» ኪኒንዎ ይወስደናል። በስማቸው ላይ ይህ ፊደል ያለባቸው የታወቁት የሕመም ማስታገሻዎች እንቅልፍ የሚያስወስዱት ያንኑ ዳይፈንሃይድራሚንን ስለያዙ ነው። ስለዚህ እርስዎ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ሳያውቁት፣ ሁለት የአለርጂ መድኃኒት ደራርበው ይወስዱ ነበር ማለት ነው። ማታ የተዋጠው በማግስቱ ከሰውነት ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ጠዋት ሌላው ይጨመርበታል። ያንን መውጫ ያለፉበት ቀን ዋዜማ ይህንን ኪኒን ወስደው እንደሆነ እስቲ ያስታውሱ። በበኩሌ መጀመሪያ የምተወው እርሱን ነው። ለወገብዎ ሕመም ማስታገሻውን ብቻ፣ እንቅልፍ ማስወሰጃ የሌለበትን፣ መግዛት ይቻላል። የደም ግፊት ስላለብዎ ግን የትኛው እንደሚስማማዎ ይጠይቁ፤ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። ለጉንፋን ማታ የሚጠጡት ፈሳሾችም ብዙዎቹ ዶክሲላሚን የተባለ ተመሳሳይ መድኃኒት አለባቸው። ከሳጥኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ትተው ከጀርባው በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም የማንበብ ልማድ ይኑርዎ። በአሜሪካ ዚርቴክ ማለት ሴትሪዚን፣ ክላሪቲን ማለት ሎራታዲን፣ አሌግራ ማለት ፌክሶፌናዲን፣ ቤናድሪል ማለት ዳይፈንሃይድራሚን ነው።

ባለቤትዎ የገዙልዎትን «ዲ» ያለበትን ኪኒን ባለመክፈትዎ ደስ ብሎኛል። ፊደሉ የሚያመለክተው ሱዶኤፌድሪን የተባለ፣ የአፍንጫ የደም ሥሮችን አጥብቦ የታፈነውን የሚከፍት መድኃኒት መጨመሩን ነው። የደም ሥር የሚያጠብበው በአፍንጫ ብቻ ስላልሆነ ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍም ይነሣል። በዚህ አገር መታወቂያ ሳያሳዩ የማይሸጥ መሆኑን ባለቤትዎ አስተውለው ይሆናል፤ ያ ግን በሌላ ምክንያት፣ አደንዛዥ ዕፅ ለማምረት ስለሚውል ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ሊወስደው አይገባም።

መድኃኒቱን መቀየር ከፈለጉ ፌክሶፌናዲን 180 ሚሊ ግራም ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ወይም አንዱን ከሴትሪዚን ጋር ደርቦ መውሰድ አይገባም። ሲቀይሩ ማሳከኩ ሊመለስ ስለሚችል ከላይ እንዳልኩት በሐኪም ምክር ቢሆን ይመረጣል፤ አዲሱንም የመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩት በማይነዱበት ቀን ይሁን። ፌክሶፌናዲን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከብርቱካን፣ ከፖም ወይም ከግሬፕፍሩት ጭማቂ ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይቀንሳል። በውኃ ብቻ ይዋጥ። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከእርሱ አራርቆ ይውሰደው።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። ሴትሪዚንም ሎራታዲንም በባዶ ሆድ ቢወሰዱ ጨጓራ የሚጎዱ መድኃኒቶች አይደሉም፤ ኃይላቸውም 24 ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ቢያደርጉት ጾምዎንም አይነካም፣ ድብታውም ብዙው በእንቅልፍዎ ላይ ያልፋል። ረመዳንን ለሚጾሙ ወገኖችም ከኢፍጣር በኋላ ማድረጉ እንደዚሁ ይመቻል። ሲረሱት በማግስቱ ሁለት አይዋጡ፤ የተለመደችውን አንዷን ብቻ ይውሰዱ። ኪኒኑን በወሰዱበት ዕለት ጠላም ሆነ ቢራ ቢቀርብልዎ ይቅርብዎ፤ ድብታውን እጥፍ ያደርገዋል።

ለዓመታት መውሰዱ ጉዳት አለው ወይ ለሚለው፣ ጤነኛ ኩላሊትና ጉበት ላለው ሰው እነዚህ ሦስቱ አዲሶቹ መድኃኒቶች በተጻፈው መጠን በየቀኑ ቢወሰዱ አካልን የሚጎዱ ሆነው አልተገኙም። ሴትሪዚን በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት በኩል ስለሆነ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ በግማሽ ይቀነስለታል፤ ሎራታዲን ደግሞ በጉበት ስለሚሠራ ጉበቱ በጣም ለታመመ ሰው ቀን እየተዘለለ ይሰጣል። የደም ግፊት ከቆየ ኩላሊትን ስለሚነካ ዘንድሮ የኩላሊት ምርመራ አድርገው እንደሆነ ይጠይቁ። ይሁን እንጂ የአበባ ብናኝ በሌለበት በበረዶው ወራት ለምን ይወስዱታል? ለቤት አቧራ ወይም ለእንስሳት ጠጉር አለርጂ ከሌለብዎ በቀር ወቅቱ ሊጀምር አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀምረው ሲያልቅ ቀስ ብሎ መተው ይበቃል።


መልስ (አባቷን የምትረዳ ልጅ፣ ከዳላስ)

ፋርማሲስቱ የጻፉትን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ሳላውቅ ያጠፋሁት ጥፋት ስላለ ለሌላው ትምህርት ቢሆን ብዬ እጽፈዋለሁ።

አባቴ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ያኔ 78 ዓመታቸው ነበር። ስልክ ስደውል ሁልጊዜ «ሳይነሱ አላስተኛኝ አለ» ይሉኝ ነበር። እኛ ሳይነስ የምንለው ማስነጠስና የአፍንጫ መፍሰስ ብዙ ጊዜ አለርጂ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። እኔም ልጅነቴን በምን ላሳይ ብዬ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሻንጣ ትልቅ ጠርሙስ ላክሁላቸው፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ስለሆነ ጉዳት ይኖረዋል ብዬ አልጠረጠርኩም። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ዳይፈንሃይድራሚን ነው። አባቴ እንግሊዝኛውን ማንበብ ስለማይችሉ «ማታ ማታ ሁለት ዋጡ» አልኳቸው፤ እርሳቸውም የልጄ መድኃኒት ነው ብለው አንድም ቀን ሳያጓድሉ ወሰዱ።

በሁለተኛው ሳምንት እኅቴ ደውላ አባባ ሌሊት ተነሥተው ከሞተች ዓመታት ያለፏትን እናታችንን እየጠሩ በረንዳ ላይ እንዳገኘቻቸው ነገረችኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ሽንታቸው ጨርሶ ተዘጋ፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ሆስፒታል ወስዳቸው በቱቦ ተወጣላቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት «አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል ወይ?» ብሎ ነበር። ፕሮስቴታቸው ያበጠ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፤ እርሳቸውም ለሴት ልጅ አይነገርም ብለው ደብቀውኛል። ጠርሙሱ ከተነሣ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ አእምሯቸው ተመለሰ፣ ሽንታቸውም ተከፈተ።

የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ለሽማግሌ ሰው እንደማይመከሩ፣ የአንጎልን ብቻ ሳይሆን የፊኛንና የአንጀትንም ሥራ እንደሚያዳክሙ፣ ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ላለበትም አደገኛ መሆናቸውን ሐኪሙ ለእኅቴ አስረዳት። በምትኩ ሎራታዲን አዘዘላቸው፤ እርሱም እዚያው ሰፈራችን ካለው መድኃኒት ቤት ተገዛ። ከዳላስ የምልከው ነገር አልነበረም። ወላጆቻችሁ ዘንድ መድኃኒት በሻንጣ የምትልኩ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ምን ዓይነት ሕመም እንዳለባቸውና ምን እንደሚወስዱ በግልጽ ጠይቁ። ወንዶቹን አባቶች ወንድ ልጅ ቢጠይቃቸው ይናገራሉ። መላክ ካለበትም በአማርኛ የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደሆነና ስንት እንደሚዋጥ በወረቀት ጽፋችሁ በጠርሙሱ ላይ ለጥፉበት።


መልስ (ነርስ፣ ከሚኒሶታ)

እኅታችን ስለጻፈችው አመሰግናለሁ፤ አባትዋ በመዳናቸውም እግዚአብሔር ይመስገን።

ወንድማችን ላነሣው ጥያቄ አንድ የጎደለ ነገር ያለ ስለመሰለኝ ልጨምር። ኪኒን ለማስነጠስ፣ ለማሳከክና ለንፍጥ ጥሩ ነው፤ አፍንጫ ሲታፈን ግን ብዙ አይረዳም። ለዚያ የሚሻለው እንደ ፍሉቲካሶን ያለው በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ነው፤ አሁን ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ሰዎች አንድ ቀን ረጭተው «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል፤ ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ግን በየቀኑ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል መረጨት አለበት። አረጫጩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። አንገትን ጥቂት ወደ ፊት ደፋ አድርጎ፣ የቀኙን አፍንጫ በግራ እጅ፣ የግራውን በቀኝ እጅ ይዞ፣ ጫፉን ከመካከለኛው አጥንት አርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ መርጨት ነው። ቀጥ ብሎ ወደ መካከል የሚረጭ ሰው ነው አፍንጫው የሚደማበት። ከተረጨም በኋላ በኃይል መሳብ አያስፈልግም፤ ጉሮሮ ከገባ መድኃኒቱ አፍንጫ ላይ አልቀረም ማለት ነው። እንቅልፍ ስለማያመጣም ለሹፌር ይስማማል።

በጨው ውኃ አፍንጫን ማጠብም ይረዳል፤ ውኃው ግን «ዲስቲልድ» ተብሎ የሚሸጠው ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን እንጂ በቀጥታ ከቧንቧ የተቀዳ አይሁን። ለሚጠጣ ሰው ጉዳት የሌለው ረቂቅ ተሕዋስ በአፍንጫ በኩል ሲገባ አንጎል ላይ ከባድ ሕመም ያስከተለበት ጊዜ አለ።

በመኪናዎ መስታወት ላይ የሚያዩት ቢጫ ዱቄት ደግሞ በብዛት የጥድ ዛፍ ብናኝ ነው፤ ከባድ ስለሆነ ይወድቃል፣ ይታያል፣ አለርጂ የሚያስነሣው ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው። የሚያስነጥስዎ በዚያው ሰሞን ከኦክና ከበርች ዛፍ የሚነሣው፣ በዓይን የማይታየው ሊሆን ይችላል። የሣር ብናኝ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከተላል፤ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መጀመሪያው ውርጭ ድረስ ደግሞ ራግዊድ የሚባለው አረም አለ። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ መጫን፣ የአየር ማጣሪያውን በየዓመቱ መቀየር፣ ማታ ወደ ቤት ሲገቡም ፀጉርን ታጥቦ ልብስን ቀይሮ መተኛት ከኪኒኑ ላይ ብዙ ሸክም ያነሣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከምግብ ወይም ከንብ ንድፊያ በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ከከበደ፣ ራስን የሚያዞር ከሆነ፣ ያ የአለርጂ ኪኒን የሚመልሰው ነገር አይደለም። ኤፒኔፍሪን የተባለው መርፌ በእጅ ካለ ወዲያውኑ ጭን ላይ መወጋት፣ 911 መደወል ነው። ኪኒኑ ሊሠራ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ እርሱን እየጠበቁ መቆየት ሰው ያሳጣል።


ጠያቂው በድጋሚ (ሹፌር፣ ከሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት ዘግይቼ የምጽፈው ያላችሁኝን ሳላደርግ ላለመመለስ ብዬ ነው።

የማስታወሻ ደብተሬን ሳገላብጥ ያንን መውጫ ያለፍኩበት ቀን ዋዜማ ወገቤን አሞኝ «ፒ ኤም» ኪኒኑን ሁለት ወስጄ እንደነበር አገኘሁ። ቆሻሻ ውስጥ ጥዬዋለሁ። «ዲ» ያለበትንም ባለቤቴ መልሳዋለች። ሐኪሜ ደሜን አስመርምሮ ጉበቴም ኩላሊቴም ደኅና መሆናቸውን ነገረኝ። ሴትሪዚኑን ወደ 5 ሚሊ ግራም አውርዶ ማታ እንድወስደው አዘዘኝ፤ የሚረጨውንም ጨመረልኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት መዳፌን ትንሽ ትንሽ በላኝ፤ ከዚያ ተወኝ። ከቀትር በኋላ ያ ጭጋግ የመሰለ ነገር አሁን የለም። የጾሙም ነገር ተቃለለልኝ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛው፣ የሰባት ዓመት ልጄም ማስነጠስ ጀምሯል፤ ባለቤቴ የእኔን ኪኒን ከፍላ ልትሰጠው ስትል አስቆምኳት። ሁለተኛው፣ ሐኪሜ በትክክል የሚያስነሣብኝን ነገር ለማወቅ ወደ አለርጂ ሐኪም ልኮኛል፤ እዚያ ደግሞ በቆዳ ላይ ለሚደረገው ምርመራ ኪኒኑን ቀደም ብዬ እንዳቆም ተነገረኝ። ያ ማሳከክ ይመለስብኛል ብዬ ቀጠሮውን ልሰርዘው አስቤአለሁ።


መልስ (ፋርማሲስት፣ ከቨርጂኒያ)

እንኳን ደስ አለዎ፤ ደብተር መያዝዎ ብዙ ጠቅሞናል።

ስለ ልጁ፣ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ እንደ ሕመሙ መጠን በቀን 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም ሴትሪዚን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የባለቤትዎ ሐሳብ መጠኑን አልሳተም፤ ነገር ግን አለርጂ መሆኑን የሕፃናት ሐኪም ሳያይ ባይጀመር፣ ሲጀመርም በልጆች መለኪያ የሚሰጠው ሽሮፕ ቢሆን ይሻላል። ሽሮፑን በቤት ማንኪያ አይለኩ፤ አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይሁን። አንዳንድ ወላጆች በረጅም የአውሮፕላን ጉዞ ልጁ እንዲተኛላቸው ዳይፈንሃይድራሚን ይሰጣሉ፤ ይህ ፈጽሞ አይደረግ፤ መጠኑ ሲበዛ የልጅን ልብና አንጎል ይመታል፣ አንዳንዱንም ልጅ እንቅልፍ ከማስወሰድ ይልቅ ያስቆጣዋል።

የአለርጂ ሐኪሙን ቀጠሮ ግን እባክዎ አይሰርዙት። በቆዳ ላይ የሚደረገው ምርመራ የአለርጂውን ነገር በትንሹ ቆዳ ውስጥ አስገብቶ ተነፍቶ መቅላቱን የሚመለከት ስለሆነ፣ የአለርጂ ኪኒን ያንን እብጠት ስለሚያግድ፣ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቀደም ብለው እንዲያቆሙ ይደረጋል። የሚረጨውን ማቆም አያስፈልግም። እርስዎ ሲያቆሙ ምን እንደደረሰብዎ ለክሊኒኩ አስቀድመው ይደውሉና ይንገሩ። ደም ተወስዶ የሚደረግ ሌላ ምርመራ አለ፤ ለእያንዳንዱ ብናኝ የተዘጋጀውን የአለርጂ ፀረ አካል ከደም ውስጥ የሚለካ ስለሆነ ኪኒኑን እየወሰዱም ቢሠራ ውጤቱ አይለወጥም። ሐኪሙ ከተስማማ በእርሱ ይጀመርልዎታል፤ ያ ካልሆነም ኪኒኑን ቀስ በቀስ ጨርሰው እስኪተዉት ድረስ የቆዳውን ምርመራ ወደ በጋው ማራዘም ይቻላል።


ጠያቂው (ሹፌር፣ ከሜሪላንድ)

ዛሬ ጠዋት ደውዬ ነገርኳቸው። የደም ምርመራውን ለማክሰኞ ይዘውልኛል፤ ኪኒኑንም እንዳላቆም ተነግሮኛል።